ለዘር የቀረው ባቄላ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



የጾም ገበታችንን ልብ ብሎ ለሚመለከት ሰው፣ ከዚያ ላይ ከሚቀርበው ብዙው ነገር ከሁለት ፍሬዎች የተገኘ ነው። ሽሮውም ክኩም ከአተርና ከባቄላ ነው። እልበቱና ስልጆው ከባቄላ ዱቄት ይዘጋጃል። ንፍሮው፣ ቆሎው፣ አሹቁ፣ በቆልቱ እነዚሁ ናቸው። በጸሎተ ሐሙስ ከቅዳሴ በኋላ የምንቀምሰው ጉልባንም ያለ ባቄላ ክክ ጉልባን አይሆንም። ነቢዩ ዳንኤልና ሦስቱ ወጣቶች የንጉሡን ማዕድ ትተው ለዐሥር ቀን ጥራጥሬና ውኃ ብቻ እንዲሰጣቸው መለመናቸውን (ዳን. 1፥8-16) ከሕፃንነታችን ጀምሮ እንማራለን። ንጉሥ ዳዊት ከአቤሴሎም ሸሽቶ በምድረ በዳ በደከመ ጊዜ ወዳጆቹ ካመጡለት ስንቅ መካከል ባቄላና ምስር እንደነበሩም መጽሐፍ ይነግረናል (2ኛ ሳሙ. 17፥28)።

ይሁን እንጂ ከእኛ ከከተማ ልጆች መካከል የባቄላ ተክል ቆሞ ያየ ስንቱ ነው? በዚህ ዓመት በሕፃናት ክፍል “ባቄላ ከዛፍ ላይ ነው ወይስ ከመሬት ውስጥ የሚወጣው?” ብዬ ብጠይቅ፣ እኩሌታው “ከዛፍ”፣ እኩሌታው “እንደ ድንች ከመሬት ውስጥ” አለኝ። አንዲት ልጅ ብቻ “ከሱቅ” አለች፤ ሁላችንም ሳቅን፤ ነገር ግን ከሦስቱ መልሶች ከምናውቀው ኑሮ ጋር የሚስማማው የእርሷ ነበር። ዓመቱን እኩሌታ የሚያህል ጊዜ የሚያጾመንን እህል የምናውቀው በፌስታል ተቋጥሮ ነው።

ስለዚህ በዛሬው ጽሑፍ ባቄላንና አተርን በቤታችን፣ በበረንዳም ቢሆን፣ ከዘር አንሥቶ እንዴት ማብቀል እንደሚቻል፣ ከዚህም ሥራ ስለ ጾም ምን እንደተማርሁ ላካፍላችሁ እወዳለሁ። እኔ የግብርና ባለሙያ አይደለሁም። ይህን ሥራ እንድጀምር ያደረገኝ ከአያቴ የወረስሁት አንድ ቅል ነው።

የአያቴ ቅል

አያቴ የወሎ ደጋ ሰው ነበሩ። በስተርጅናቸው መንኩሰው ስለነበር ሁላችንም እማሆይ እንላቸው ነበር። በጎጇቸው ከምሰሶው ላይ ተንጠልጥሎ የሚኖር አንድ ቅል ነበራቸው። በውስጡ ከአመድ ጋር የተደባለቀ የባቄላ ዘር ይኖራል። ያ ባቄላ ለእንግዳም ቢሆን፣ ለዝክርም ቢሆን አይነካም።

በልጅነቴ ለበዓል በሄድሁ ጊዜ፣ አብረን እሸት እየፈለፈልን ሳለ፣ ያ ቅል ለምን እንደማይነካ ጠየቅኋቸው። የ1977 ዓ.ም.ን ነገር የነገሩኝ ያን ቀን ነው። ዝናቡ ቀርቶ ጎተራው ሁሉ በተራቆተበት በዚያ ክፉ ዘመን፣ በቤቱ የቀረው ሁለት እፍኝ የባቄላ ዘር ብቻ ነበር። ጎረቤቱ “ቀቅለሽ ለልጆቹ አቅምሻቸው” አለ። እርሳቸው አልቀቀሉትም። በጥር ወር ታናሽ እኅታቸው በረኀብ ደክመው ዐረፉ። በሰኔ ዝናቡ መጣ፤ ያ ሁለት እፍኝ ባቄላም ተዘራ።

እኔም ልጅ ነበርሁና ላጽናናቸው ብዬ፣ “እማሆይ፣ ሁለት እፍኝ ባቄላ እኮ ሰው አያድንም ነበር” አልኋቸው።

“ለአንድ ቀን ያድን ነበር፣ ልጄ” አሉኝ።

ከዚያ በላይ አልተናገሩም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ትክክል አድርገው እንደሆነ ፈጣሪ ያውቃል፤ እርሳቸውም ፍርዱን ለእርሱ ትተውት ነበር። እኔ የማውቀው፣ ከዚያ ዓመት በኋላ እናቴም አጎቶቼም የበሉት ባቄላ ሁሉ ከዚያ ሁለት እፍኝ የተገኘ መሆኑን ነው።

እማሆይ ካረፉ በኋላ ቅሉ በአጎቴ ቤት ተቀመጠ። መሬቱን የሚያርስ ሰው ከቤተሰቡ ስላልቀረ ሦስት ክረምት ሳይዘራ አለፈ። በመጨረሻ አጎቴ ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ፣ “አንቺም አንተም የምትሉት የእናቴ ነገር ይኸው ነው” ብለው ለቤተሰቡ ሰጡን፤ ከውርሱ ውስጥ ማንም ያልተሻማበት እርሱ ስለነበር ለእኔ ደረሰኝ። ዐርባ ፍሬ ነበር። ያለሁበት የጋራ መኖሪያ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ መሬት የለኝም። ነገር ግን ዘር ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ባቄላ ደርቆ በደንብ ከተቀመጠ ጥቂት ዓመታት ይቆያል እንጂ ለዘለዓለም አይጠብቅም። በዚያ ክረምት ካልተዘራ የሚቀጥለውን ላይደርስ ይችላል።

ዘሩ ሕያው መሆኑን ማወቅ

ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ ማወቅ ያለበት፣ ከወጥ ቤት የሚገኝ ጥራጥሬ ሁሉ ዘር አለመሆኑን ነው። ክክ አይበቅልም፤ ፍሬው ለሁለት ሲሰነጠቅ በመካከሉ ያለችው፣ ሥርም ግንድም የምትሆነው ትንሽ አካል ትጎዳለችና። የተቆላም አይበቅልም። የሚያስፈልገው ያልተከካ፣ ያልተቆላ፣ ነቀዝ ያልበሳው ድፍን ፍሬ ነው። ይህንም ከማንኛውም የእህል ገበያ በጣሳ መግዛት ይቻላል። ከግብርና መደብር የሚገዛው ዘር አንዳንድ ጊዜ በቀለም የተለበሰ ይሆናል፤ ያ ቀለም የተባይ መድኃኒት እንዳለበት ምልክት ስለሆነ እንዲህ ያለው ዘር ፈጽሞ ለመብል አይውልም፤ ከሕፃናትም እጅ መራቅ አለበት።

የዘሩን ሕይወት ለመፈተን ዐሥር ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ መጠቅለል፣ ጨርቁም እንዳይደርቅ እየጠበቁ አንድ ሳምንት ያህል ማቆየት ነው። እናቶቻችን በቆልት ሲያዘጋጁ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ከዐሥሩ ስምንትና ከዚያ በላይ ከበቀለ ዘሩ መልካም ነው፤ አምስት ወይም ስድስት ከሆነ ጠጋ ጠጋ አድርጎ መዝራት ይገባል፤ ከሦስት ካነሰ ሌላ ዘር መፈለግ ይሻላል።

ከእማሆይ ባቄላ ዐሥሩን ጠቀለልሁ። በአምስተኛው ቀን ጨርቁን ስፈታ ስድስቱ ነጭ ሥር አውጥተው ነበር። አራቱ አልበቀሉም። ስድስቱን አልጣልኋቸውም፤ ሥራቸው እንዳይሰበር ተጠንቅቆ ለያዛቸው የበቀሉት ራሳቸው ይተከላሉና። የቀሩትን ሠላሳ ፍሬዎች ወደ ቅሉ መለስኋቸው። ሁሉን በአንድ ጊዜ አለመዝራትም ከአባቶች የተወረሰ ጥበብ ነው፤ በረዶ ቢመታው፣ ወፍ ቢለቅመው የሚተካ ይኖራል።

ዕቃውና አፈሩ

ለባቄላና ለአተር ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ባለ 20 ሊትር የዘይት ጀሪካን አናቱን ቆርጦ፣ ከሥሩ አምስት ስድስት ቀዳዳ በስቶ መጠቀም ይቻላል። አሮጌ ማዳበሪያ ወይም የቆርቆሮ ባልዲም ይሆናል። የዕቃው ጥልቀት ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ሥሩ አይጨነቅም። ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ቀዳዳው ነው፤ በክረምት የሚሞተው የበረንዳ ተክል በአብዛኛው የሚሞተው በጥማት ሳይሆን ሥሩ በውኃ ታፍኖ ነው።

አፈሩ ሁለት እጅ ተራ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ይሁን። ጥቁሩ መረሬ አፈር ውኃ ስለሚይዝ ጥቂት አሸዋ ቢቀላቀልበት መልካም ነው። ዩሪያ አያስፈልግም። ምክንያቱን ስለ ሥሩ ስንነጋገር እንመለስበታለን።

ደረቁን ፍሬ ከመዝራት በፊት ለአንድ ሌሊት በውኃ መዘፍዘፍ ቡቃያውን ያፋጥነዋል፤ ከአንድ ቀን በላይ ግን አይቆይ፤ ፍሬው አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ባቄላ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል፣ አተር ደግሞ ሦስት ወይም አራት ሴንቲ ሜትር ጠልቆ ይዘራል። በአንድ ጀሪካን ሦስት ባቄላ ወይም ስድስት ሰባት አተር ይበቃል። አብዝቶ መዝራት የጀማሪ ፈተና ነው፤ ተክሎቹ እርስ በርስ ብርሃን ይነፋፈጋሉ፤ አየርም በመካከላቸው ስለማያልፍ ቅጠላቸው ላይ ቡናማ ነጠብጣብ የሚያወጣው በሽታ ይበረታል።

ወቅቱ

ባቄላና አተር የደጋ እህል ናቸው፤ ብርድ ይወዳሉ፤ ሙቀት ሲበዛባቸው አበባቸውን ያራግፋሉ። ስለዚህ የአዲስ አበባና የመሰሎቿ አየር ይስማማቸዋል። የሚዘሩትም በሰኔና በሐምሌ መጀመሪያ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ብርዳማ ግዛቶች የምትኖሩ ወንድሞችና እኅቶች በረዶው እንደለቀቀ፣ በፀደያቸው መባቻ ትዘሩታላችሁ። በዐረብ አገሮች ያላችሁ ደግሞ ሙቀቱ ከበረደ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር መዝራት ይሻላችኋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። በቤተ ክርስቲያናችን የዘመን አከፋፈል ከሰኔ 26 ቀን ጀምሮ ዘመነ ክረምት ይገባል፤ የመጀመሪያው ክፍልም ስለ ዘርና ስለ ደመና የሚዘመርበት፣ የሚነበብበት ነው። በከተማ ያደግን ልጆች ይህን በትምህርት እንቀበለው እንጂ በእጃችን አናውቀውም። በሰኔ 20 የተዘራ ባቄላ ግን የዘመኑን አከፋፈል በዓይን ያሳያል። በጾመ ሐዋርያት ይዘራል፤ በሐምሌ 5 የቅዱስ ጴጥሮስና የቅዱስ ጳውሎስ በዓል አካባቢ ከመሬት ብቅ ይላል። በጾመ ፍልሰታ ማብቂያ ገደማ ያብባል። በመስቀል ሰሞን እሸቱ ይደርሳል። ዘመነ ጽጌ ሲያልቅ ቅርፊቱ ይጠቁራል፤ ጾመ ነቢያት ሲገባ ደረቁ ፍሬ ይሰበሰባል። እንግዲህ ከጾም እስከ ጾም የሚያደርስ እህል ነው። አተር ከዚህ ጥቂት ቀደም ብሎ ይደርሳል።

የእማሆይ ስድስቱ ባቄላዎች በተተከሉ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ገደማ አምስቱ ብቅ አሉ። አንደኛው አልወጣም። ከአምስቱ አንዱን ርግብ ከአንገቱ ቀነጠሰችው። ያለቀለት መስሎኝ ነበር፤ ከሳምንት በኋላ ግን ከአፈሩ ሥር ሌላ ቡቃያ ላከ። በኋላ እንደተረዳሁት፣ ባቄላና አተር እንደ ቦሎቄ ክካቸውን ተሸክመው ወደ ላይ አይወጡም፤ ስንቃቸውን የያዘው ፍሬ ከመሬት በታች ይቀራል። ስለዚህ አንገታቸው ቢቀነጠስ ከተቀበረው ስንቅ ላይ ዳግመኛ ለመነሣት አቅም አላቸው። ጌታችን ስለ ስንዴ ቅንጣት የተናገረውን ቃል (ዮሐ. 12፥24) ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ በሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ቆሜ ያንን ሁለተኛ ቡቃያ ሳይ ግን ቃሉ በሌላ ድምፅ ተሰማኝ።

ከአፈሩ በታች

“ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ” ይላሉ አባቶቻችን። ባቄላና አተርን ከሌሎች እህሎች የሚለየው ሥራቸው ነው። አንድ ተክል በአበባው ወራት ቀስ ብላችሁ ከአፈር ብትነቅሉት በሥሩ ላይ ትንንሽ እባጮች ታያላችሁ። በእነርሱ ውስጥ ራይዞቢየም የሚባሉ፣ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ይኖራሉ። እነዚህ በአየር ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ተክሉ ሊመገበው ወደሚችለው መልክ ይለውጡታል፤ ተክሉም በምላሹ ከብርሃን የሠራውን ስኳር ይመግባቸዋል። እባጩ ሲሰነጠቅ ውስጡ ሮዝ ከሆነ ሥራው በደንብ እየተሠራ ነው።

ዩሪያ አያስፈልግም ያልሁት ስለዚህ ነው። ተክሉ ናይትሮጅንን ከውጭ በብዛት ካገኘ ከእነዚህ ጋር መተባበሩን ይተዋል፤ ቅጠሉ ይንዠረገጋል፤ ፍሬው ግን ያንሳል። ገበሬዎቻችን ገብስና ስንዴ ባደከሙት ማሳ ላይ ባቄላ ወይም አተር የሚያፈራርቁትም ምድሪቱ እንድታገግም ነው። የበረንዳ አፈር ባቄላ አብቅሎ የማያውቅ ከሆነ እነዚያ ሕያዋን ላይኖሩበት ስለሚችሉ፣ ባቄላ ከበቀለበት ማሳ አንድ እፍኝ አፈር አምጥቶ መቀላቀል ይጠቅማል። መከሩም ካለቀ በኋላ ግንዱን ከሥሩ ቆርጦ ሥሩን በአፈሩ ውስጥ መተው ለሚቀጥለው ጎመን ወይም ሰላጣ ስንቅ ይሆናል።

ድጋፍ፣ አበባና እሸት

አተር ብቻውን አይቆምም። ጫፉ ላይ ቀጫጭን መያዣዎች ስላሉት የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። ገና አንድ ስንዝር ሳይሞላ ሁለት ሦስት የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተክሎ በመካከሉ ሲባጎ መወጠር ነው፤ ከዚያ በኋላ መንገዱን ራሱ ያገኛል። ባቄላ ግንዱ አራት ማዕዘን ስለሆነ ራሱን ችሎ ይቆማል፤ መያዣም የለውም። ነገር ግን ፍሬ ሲይዝ ነፋስ ይጥለዋልና በዙሪያው ላላ አድርጎ ማሰር ይገባል።

ውኃውን በተመለከተ፣ ጣትን በአፈሩ ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገብቶ መፈተሽ ከማንኛውም መለኪያ ይሻላል። እርጥብ ከሆነ ይቆይ፤ ደረቅ ከሆነ ይጠጣ። ዝናብ በቀጥታ የሚያገኘው በረንዳ በሐምሌና በነሐሴ ውኃ ሊጨመርለት አይገባም። በመስከረም ፀሐይ ሲወጣ ግን ያን ጊዜ አበባና ፍሬ ላይ ስለሆነ ሊጠማ አይገባም። ዕቃው በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ብርሃን በሚያገኝበት ቦታ ይቀመጥ።

በአበባው ወራት ክሽክሽ የሚባሉት ትንንሽ ተባዮች በለጋው ጫፍ ላይ ይሰፍራሉ። መድኃኒት ሳይረጩ በውኃ አጥቦ በጣት ማራገፍ ይቻላል። የባቄላው የመጀመሪያ ፍሬዎች ከታች መያዝ ሲጀምሩ የግንዱን ጫፍ መቀንጠስ ተባዩ የሚወደውን ለጋ ቦታ ያስቀራል፤ ተክሉም ጉልበቱን ወደ ፍሬው ይመልሳል።

የባቄላ አበባ ነጭ ሆኖ በክንፉ ላይ ጥቁር ነጥብ አለው፤ ጥሩ መዓዛም አለው። ፍሬ ለመያዝ ንብ ብትጎበኘው ይወዳል፤ ንብ በማይደርስበት ፎቅ ላይ ግንዱን በጠዋት ቀስ አድርጎ መነቅነቅ ይረዳል። አተር ግን በአበባው ውስጥ ራሱን በራሱ ያዳቅላል። ከዚህ ጠባዩ የተነሣ ነው ግሪጎር ሜንዴል የተባለው የካቶሊክ መነኩሴ፣ ዛሬ በቼክ ሪፐብሊክ በምትገኘው በብርኖ ከተማ፣ በገዳሙ የአትክልት ቦታ ከ1856 እስከ 1863 እ.ኤ.አ. አተር እየዘራ የመረመረው። ፍሬው ድቡልቡል ነው ወይስ የተጨማደደ፣ አረንጓዴ ነው ወይስ ቢጫ እያለ በሺህ የሚቆጠሩ ተክሎችን ቆጠረ። ባሕርይ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍበትን ሥርዓት ከዚያ አገኘ፤ በ1866 እ.ኤ.አ. አሳተመው። በ1884 እ.ኤ.አ. ሲያርፍ ግን የሥራውን ዋጋ የተረዳ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ዓለም ያወቀለት በ1900 እ.ኤ.አ. ነው። የዘራ ሁሉ በሕይወት ሳለ አያጭድም።

አገራችንም በአተር የራሷ ስጦታ አላት። በትግራይ ደቡብና በወሎ ሰሜን ገበሬዎች የሚዘሩት፣ በትግርኛ ደቆቆ የሚባለው ትንሹ አተር፣ ከሌላው አተር የተለየ የኢትዮጵያ ዝርያ ነው። እስከ ዛሬ የቆየውም በየዓመቱ ለዘር የሚያስቀር ሰው ስላልጠፋ ነው።

ለዘር ማስቀረት

በመስከረም መጨረሻ የእማሆይ ባቄላ እሸት ያዘ። ቅርፊቱ ወፍሮ፣ በእጅ ሲነካ ውስጡ ሙሉ ሆኖ፣ ሊበላ ደርሶ ነበር። በቤቴ ያሉ ልጆች በየቀኑ እየመጡ ይዳስሱታል። “መቼ ነው የምንበላው?” ይሉኛል። እኔም የምመኘው ያንኑ ነበር። ነገር ግን ተክሎቹ አምስት ብቻ ናቸው፤ በቅሉ የቀሩት ሠላሳ ፍሬዎችም ከዓመት ዓመት እየደከሙ ይሄዳሉ። ስለዚህ ከመንገድ ዳር ከሚሸጡት እናቶች አንድ እስር የባቄላ እሸት ገዝቼ ለልጆቹ ሰጠኋቸው፤ የእማሆይን ግን አንድም ፍሬ ሳንቀምስ አስቀረነው።

ያን ሰሞን ስለ ጾም ያልተረዳሁትን ነገር ተረዳሁ። ጾምን እስከዚያ ጊዜ ድረስ የማውቀው “አለመብላት” ብዬ ነበር፤ የሚከለከል ነገር፣ የሚቆጠር ቀን። ገበሬው ለዘር የሚያስቀረው እህል ግን ክፉ ስለሆነ ወይም ስለተከለከለ አይደለም የማይበላው። እንዲያውም ከመከሩ ሁሉ ምርጡን ነው ለዘር የሚለየው። የማይበላው ነገ የሚበላ ሌላ ሰው እንዳለ ስለሚያምን ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ የትዕግሥት ምሳሌ አድርጎ የፊተኛውንና የኋለኛውን ዝናብ የሚጠብቀውን ገበሬ ያቀረበውም (ያዕ. 5፥7) ያለ ምክንያት አይደለም። ያ ገበሬ ከቤቱ የሚበላ እህል እያለ፣ ከዚያ ላይ ቀንሶ ለአፈር የሰጠ ሰው ነው።

በጾም ቀን ከገበታችን የምንቀንሰውም ለራሳችን ብቻ ከሆነ ያልተዘራ ዘር ይሆናል። ቁርሳችንን ትተን የቁርሱ ገንዘብ በኪሳችን ከቀረ፣ በቅል ውስጥ ሦስት ክረምት እንደተቀመጠው ባቄላ ነው፤ አለ፤ ግን እየሞተ ነው። አባቶቻችን ጾምን ከምጽዋትና ከጸሎት ሳይለዩ ያስተማሩን ይህን ስለሚያውቁ ይመስለኛል።

እማሆይም በዚያ ክፉ ዘመን ያን ሁለት እፍኝ ባቄላ የያዙበትን ልብ ከፊል ያየሁት ያን ጊዜ ነው። እኔ ያስቀረሁት ጠግቤ ሳለሁ ነበር፤ እርሳቸው ያስቀሩት እየተራቡ፣ የሚወዷት እኅታቸውም እየተራቡ ነበር። ሁለቱ አይወዳደሩም። ስለዚህ የእርሳቸውን ሥራ ምሳሌ አድርጌ ለማንም “እንዲህ አድርጉ” አልልም፤ እንዲህ ያለ ምርጫ በማንም ቤት እንዳይገባ እጸልያለሁ እንጂ። ነገር ግን በልቼ ያደግሁት ምን ያህል ዋጋ የተከፈለበት እህል እንደሆነ አውቄ እንድበላ አድርጎኛል።

በኅዳር መጀመሪያ ቅርፊቱ ጠቁሮ ደረቀ። ለዘር የሚሆነው እንዲህ ተክሉ ላይ እንዳለ መድረቅ አለበት። ከዚያ ተፈልፍሎ በጥላ ሥር ለሁለት ሳምንት ያህል ይሰጣል፤ በጥርስ ሲነከስ ምልክት የማይቀበል ከሆነ ደርቋል። ነቀዝ እንዳይገባበት ከተነፋ አመድ ጋር ተደባልቆ፣ ክዳኑ በሚገጥም ደረቅ ጠርሙስ ወይም በቅል ይቀመጣል። ዘሩ የተሰበሰበበትን ዓመትም በወረቀት ጽፎ መለጠፍ መልካም ነው። ከአምስቱ ተክሎች አንድ መቶ ዐሥራ ሦስት ፍሬ ቆጠርሁ።

በሁለተኛው ዓመት የሰንበት ትምህርት ቤታችን ከአዳራሹ በስተጀርባ ያለችውን ጠባብ ቦታ ፈቀደልን፤ የሕፃናት ክፍል ልጆች እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ፍሬ ዘሩ። የየራሳቸውን ተክል ቁመት በየእሑዱ በክር ይለኩ ነበር። በመከሩ ጊዜ እኩሌታውን ለዘር ለይተን፣ የቀረውን ለነዳያን በሚዘጋጀው ንፍሮ ላይ ጨመርነው፤ እጅግ ጥቂት ነበር፤ በትልቁ ድስት ውስጥ መኖሩም አይታወቅም። ልጆቹ ግን “የእኛ ባቄላ የትኛው ነው?” እያሉ ድስቱን ከበቡት። በሦስተኛው ዓመት፣ በመስቀል ማግሥት፣ ከእማሆይ ዘር የተገኘውን እሸት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀመስሁ።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ በመጪው ሰኔ ከገበያ አንድ ጣሳ ድፍን ባቄላ ወይም አተር ግዙ። ከእርሱ ዐሥሩን ብቻ ለዩና ቀሪውን እንደ ልማዳችሁ አብስሉት። ዐሥሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉ፤ የበቀሉትን በአንድ ጀሪካን አፈር ትከሉ። ልጆች ያሏችሁ ውኃውን ልጆቹ ያጠጡ። አያቶች ያሏችሁ ደግሞ ሄዳችሁ ስለ ዘር ጠይቋቸው፤ ከየት እንደመጣ፣ በክፉ ቀን ማን እንዳቆየው። ሳይነግሩን የሚያልፉት ብዙ ነገር አለ። ከመከሩም፣ ጥቂት ቢሆንም፣ አንድ እፍኝ ለዘር፣ አንድ እፍኝ ለተራበ ሰው አስቀሩ።

የዘሩትን የሚያበቅል፣ የበቀለውን የሚያበዛ አምላክ የእጃችንን ሥራ ይባርክልን፤ ከአገራችንም ረኀብን ያርቅልን። እናታችን እማሆይንና በዚያ ዘመን ያለፉትን ሁሉ ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት ያሳርፍልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።